የፒያሳ መንገድና ጉልታችን

ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍን ያሠሩት ጉብታ ላይ ነው፤ ነፋስ አያጣውም። ጣሊያን ግን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲይዝ ሐሳቡ መንገድ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የዘረጋው አውራ ጎዳና በከተማችን አለፈ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሃል ያለች ጠባብ ከተማ ናትና፣ ቤቱም ሱቁም መንገዱን ተከትሎ ተደረደረ። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከጦሳ ወርዶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል፤ የከሰሉም የናፍጣውም ጭስ ፀሐይ እስኪበረታ እዚያው ታፍኖ ይቆያል። እኛ ጉልት የምንዘረጋው ደግሞ በዚያች ሰዓት ነው። ልጅ አዝለን በቆሎ ስንጠብስ ከፊት የከሰሉን፣ ከኋላ ዳገቱን የሚወጣውን መኪና ጭስ እንምጋለን። (እኔስ ሳሌን የብርድ ነው እል ነበር።) ዘንድሮ ከተማውን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጉልቱ ከአስፋልቱ ገባ ይበልልን፤ ገበያተኛው ግን ሳይርቀን።