የግብርና ትምህርት በኢ-ለርኒንግ፦ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጣኞች የቀረበ መረጃ

ኢ-ለርኒንግ ትምህርትን በኮምፒውተር፣ በታብሌት ወይም በስልክ አማካይነት በጽሑፍ፣ በድምፅና በቪዲዮ የማቅረብ ዘዴ ነው። ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ መምህራንን የሚያዘጋጁት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የሚተዳደሩት በክልል ትምህርት ቢሮዎች ነው። በመሆኑም የኮምፒውተር ክፍልንና የኢንተርኔት አገልግሎትን የሚመለከት ጥያቄ በቅድሚያ ለኮሌጁ፣ ቀጥሎም ለክልሉ ትምህርት ቢሮ ይቀርባል።

አስፈላጊነቱ

ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጉቴ በቆሎ በስፋት ከሚመረትባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። በእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ የሚመደብ መምህር በርካታ የአርሶ አደር ልጆችን ያስተምራል። በዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ባኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል እንደ ቢኤች-661 ያሉ የበቆሎ ዝርያዎችን አውጥቷል። ይሁን እንጂ የምርምር ውጤት ክፍል ውስጥ የሚደርሰው መምህሩ ሲያውቀውና በተማሪዎቹ ቋንቋ ሲያስረዳው ነው። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የዲጂታል ትምህርቱም በዚሁ ቋንቋ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ

ኮሌጆች ትምህርቱን በግቢያቸው ውስጥ በሚተከል ሰርቨር ላይ ካስቀመጡ፣ ሠልጣኞች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የሙድል መተግበሪያም የትምህርት ይዘቶችን አስቀድሞ አውርዶ በኋላ ለመጠቀም ያስችላል። ስማርት ስልክ የሌላቸው ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር አማካይነት የግብርና ምክር በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ማዳመጥ ይችላሉ።

ከማሳ ጋር ስለማስተሳሰር

ቪዲዮ የተግባር ልምምድን አይተካም። የዘር አዘራር፣ የብስባሽ ማዳበሪያ ዝግጅትና የተባይ ልየታ በስክሪን ከታዩ በኋላ በኮሌጁ የሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ መከናወን አለባቸው።

ሠልጣኞች ሊያረጋግጧቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የኮምፒውተር ክፍሉ የአገልግሎት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፤
• ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔት የሚገኝ መሆኑ፤
• የመማሪያ ጽሑፎቹ የተዘጋጁበት ቋንቋ፤
• መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ያለው አማራጭ፤
• የሠርቶ ማሳያ ማሳ መኖሩ።

አገልግሎቱ ያልተሟላላቸው ሠልጣኞች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት አቅርበው የማመልከቻውን ቅጂ እንዲይዙ ይመከራል።