ከምርት የወጡ ሌንሶች ሁለተኛ ዕድሜ

የፎቶግራፍ ሙያ ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በአዳዲስ መሣሪያዎች ተራ ነው። ይሁን እንጂ በአነስተኛ ገንዘብ ሥራ ለሚጀምር ባለሙያ የበለጠ የሚጠቅመው ከምርት የወጡት ዕቃዎች ታሪክ ነው። ፋብሪካው ማምረቱን ስላቆመ ሌንሱ ጥራቱን አያጣም፤ ዋጋ የሚያሳጣው የሚገጥምለት ካሜራ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ የአሮጌ ሌንስን ዕጣ የሚወስነው በአመዛኙ መግጠሚያው ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆነን 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው መግጠሚያ ነው። በ1949 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በድሬስደን የተሠሩት ኮንታክስ ኤስና ፕራክቲካ ይዘውት ብቅ አሉ። በ1957 የጃፓኑ አሳሂ ለፔንታክስ ካሜራው ወሰደው፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የሶቪየት ኅብረቱ ዜኒት-ኢም ተጠቀመበት። ከዚህም የተነሣ በድሬስደን የተሠራ ሌንስ በቶኪዮ ካሜራ ላይ ያለ ችግር ይገጥም ነበር።

ይህ አንድነት አልዘለቀም። ፔንታክስ በ1975 ወደ ሌላ መግጠሚያ ተሻገረ። ካኖንም በ1971 ያወጣውን ኤፍ ዲ የተባለውን መግጠሚያ በ1987 በኢ ኤፍ ተካው። የኤፍ ዲ ሌንስ ከፊልሙ 42 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ የተሠራ ሲሆን፣ የአዲሱ ካሜራ ርቀት ግን 44 ሚሊሜትር ሆነ። በዚህ የ2 ሚሊሜትር ልዩነት ምክንያት አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ተጨማሪ ሌንስ ያለው ማገናኛ ካልገባለት በቀር ሩቁን ነገር አጥርቶ ማሳየት ተሳነው። እጅግ የተመሰገኑ ሌንሶችም በርካሽ የሚሸጡ ሆኑ።

ሁኔታውን የለወጠው በካሜራው ውስጥ የነበረው መስተዋት መወገዱ ነው። ፓናሶኒክ በ2008፣ ሶኒ ደግሞ በ2010 መስተዋት የሌላቸውን ዲጂታል ካሜራዎች አወጡ። የሶኒው ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የቀረውን 24 ሚሊሜትር በባዶ ቀለበት በመሙላት የኤፍ ዲ ሌንስ መግጠም ተቻለ። የ42 ሚሊሜትሩ ባለጥርስም እንዲሁ። የእነዚያ ዓመታት ካሜራዎችም ዛሬ በተራቸው ከምርት ወጥተው በአሮጌ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ።

እንግዲህ ገዢው አስቀድሞ አንድ መግጠሚያ ይምረጥ፤ ከዚያም ባለ 28፣ ባለ 50 እና ባለ 135 ሚሊሜትር ሌንሶችን ቀስ በቀስ ያሰባስብ። የካሜራው የምስል መቀበያ ከፊልም ያነሰ ከሆነ የእይታው ስፋት እንደሚጠብ ይወቅ፤ በ2010 በወጡት የሶኒ ካሜራዎች ላይ ባለ 50ው እንደ ባለ 75 ያሳያል። ከመግዛቱ በፊት ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አሻግሮ ይመልከት፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ካለበት ይተወው። የብርሃን መግቢያው ቅጠሎች ዘይት የነካቸውና የሚያዘግሙ መሆን አለመሆናቸውንም ይፈትሽ። የማጥሪያና የብርሃን ማስተካከያ ሥራው በእጅ መሆኑ ለችኩል ሥራ አይመችም፤ ለሰው ምስልና ለዕቃ ፎቶግራፍ ግን በቂ ነው።

ፋብሪካዎች መግጠሚያ ሲቀይሩ የሚከስረው ቀድሞ የገዛው ነው፤ የሚያተርፈው ግን ርቀቱን ለክቶ ዘግይቶ የሚገዛው ባለሙያ ነው። በመሳቢያ ውስጥ የተረሱ አሮጌ ሌንሶች ያሏችሁ ባልደረቦች፣ ከመጣላችሁ በፊት መግጠሚያቸውን መርምሩ፤ ለአንድ ጀማሪ የሙያ መግቢያ ሊሆኑ ይችላሉና።