ማይሊንዳ ኬልመንዲ

ማይሊንዳ ኬልመንዲ (እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1991 በምዕራብ ኮሶቮ በምትገኘው በፔያ ከተማ ተወለደች) በ52 ኪሎ ግራም ክብደት ትወዳደር የነበረች የጁዶ ስፖርተኛ ስትሆን፣ ለኮሶቮ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘች ናት። ጁዶ ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረተው፣ ተጋጣሚን በመጣል፣ በጀርባው አስተኝቶ ተጭኖ በመያዝ፣ በማነቅ ወይም ክርኑን በመቆልመም የሚያሸንፉበት የትግል ስፖርት ነው።

ኬልመንዲ በአሠልጣኝ ድሪቶን ኩካ ሥር በፔያ የሠለጠነች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በፓሪስ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ይሁን እንጂ ኮሶቮ እ.ኤ.አ. በ2008 ነጻነቷን ብታውጅም ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በአባልነት የተቀበላት በ2014 መጨረሻ ላይ በመሆኑ፣ ኬልመንዲ በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ በአልባንያ ስም ለመሰለፍ ተገድዳ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳለች። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ግን ኮሶቮን ቀደም ብሎ ስለተቀበለ፣ በ2013 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ብራዚላዊቷን ኤሪካ ሚራንዳን በፍጻሜው አሸንፋ የዓለም ሻምፒዮንነትን በአገሯ ስም ወሰደች። በተከታዩ ዓመት ውድድሩ የተካሄደው ለኮሶቮ ነጻነት ዕውቅና በማትሰጠው በሩሲያ፣ በቼልያቢንስክ ከተማ ስለነበር፣ ክብሯን ያስጠበቀችው በፌዴሬሽኑ ሰንደቅ ሥር ተወዳድራ ነው።

ኮሶቮ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ የአገሯን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ቡድኑን የመራችው ኬልመንዲ፣ ኦገስት 7 ቀን ጣሊያናዊቷን ኦዴት ጁፍሪዳን በአንድ ዩኮ ረትታ ወርቁን አገኘች። ዩኮ በጊዜው ደንብ፣ ግጥሚያውን ወዲያው ከሚቋጨው ከኢፖንና ከእርሱ ከሚከተለው ከዋዛ አሪ ያነሰ ነጥብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2019 የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረች ሲሆን፣ በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ነሐስ አግኝታለች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በመጀመሪያ ግጥሚያዋ በሃንጋሪዋ ሬካ ፑፕ ተሸንፋ ብትሰናበትም፣ የአገሯ ልጆች ዲስትሪያ ክራስኒቺ በ48፣ ኖራ ጃኮቫ ደግሞ በ57 ኪሎ ግራም ወርቅ አጠለቁ። ኬልመንዲ በዚያው ዓመት ከውድድር ተገልላ ወደ አሠልጣኝነት ተሸጋግራለች። ኮሶቮ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ያገኘቻቸው አምስቱም ሜዳሊያዎች የጁዶ ናቸው።