የቀዳዳ ስያሜ በምሕንድስና ንድፍ፤ ከግሥ ወደ ቅርጽ

1. መግቢያ

በቴክኒክ ሙያ ከሚዘወተሩት ቃላት መካከል «ቀዳዳ»ን የመሰለ ቀላል ቃል ያለ አይመስልም። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንድ መስመር ሰጥቶ ያልፈዋል፤ ተርጓሚም ሳያመነታ ይጽፈዋል። ይሁን እንጂ የአንድ መኪና ወይም ማሽን ክፍሎች እርስ በርስ የሚጋጠሙት በአብዛኛው በቀዳዳና በብሎን አማካይነት በመሆኑ፣ በንድፍ ላይ የሰፈረ የአንድ ቀዳዳ ማስታወሻ በተሳሳተ ቃል ቢተረጎም ጥፋቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። ከልኩ በላይ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብምና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ነጥብ ነው። የአማርኛ የቀዳዳ ቃላት ሀብት ያለው በግሦቹ ላይ ነው፤ የዘመናዊው የምሕንድስና ንድፍ ታሪክ ግን ግሥን ከማስታወሻ ውስጥ እያስወጣ የሄደ ታሪክ ነው። የሙያ ቃል የሚሰይም ሰው ይህን ተቃርኖ ካላስተዋለ፣ በቋንቋው ሀብት በመጠቀሙ ብቻ ስሕተት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

2. ቀዳዳና ግሦቹ

ግእዝ ለቀዳዳ «ስቁረት» የሚል ስም አለው። ስለ ግመልና ስለ መርፌ ቀዳዳ በሚናገረው የወንጌል ምሳሌ ውስጥ የሚገኘው ቃል ይኸው ነው። የአማርኛዎቹ «ሸነቆረ» እና «ሽንቁር» ከዚሁ ሥር ጋር ይዛመዳሉ። «ቀዳዳ» ደግሞ «ቀደደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ግሡ በተለይ ለጨርቅ፣ ለወረቀትና ለቆዳ ይነገራል። ዛሬ ግን ስሙ ከግሡ ርቋል። የመርፌ ቀዳዳ ወይም የቁልፍ ቀዳዳ ሲባል፣ መርፌው ወይም መዝጊያው ተቀደደ ብሎ የሚያስብ ተናጋሪ የለም።

ሌሎቹ ግሦች እንዲህ አልራቁም። ጆሮ ይበሳል፤ ግድግዳ ይነደላል ወይም ይሰረሰራል፤ አለት ይፈለፈላል፤ መሬት ይቆፈራል፤ አፈርን ጎርፍ ይቦረቡረዋል። ከእነዚህ የሚወጡት ስሞች ውጤቱን ሲናገሩ አሠራሩንም አብረው ያነሣሉ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» ወይም «ፍልፍል» ሲባሉ፣ ሰሚው የሚረዳው ቅርጻቸውን ሳይሆን እንዴት እንደተሠሩ ነው። «ብስ»ም ወስፌን፣ «ስርስር»ም መሰርሰሪያን ያስታውሳሉ። ለዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

3. የሥራ ቤቱ ቋንቋ

ወደ ብረታ ብረት ሥራ ቤት ስንገባ በዚህ ሀብት ላይ ሌላ ድርብርብ እናገኛለን። ከጣሊያንኛ የመጡት «ትራፓኖ»፣ «ቶርኖ»፣ «ሞርሳ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ብሎን» እና «ዳዶ» በመላ አገሪቱ የሠራተኛው የራሱ ቃላት ሆነዋል። በሐዋሳ ከተማ በቱላ የሚሠራ የበርና የመስኮት ብረት ሠሪም ሆነ በአዲስ አበባ የሚሠራ መካኒክ ረዳቱን «በትራፓኖ ብሳው» ቢለው ትእዛዙ ግልጽ ነው። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሥራ ክፍፍሉን ልብ ይሏል፤ የመሣሪያው ስም ከጣሊያንኛ ተውሷል፣ ግሡ ግን አማርኛ ነው።

በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ንድፍ የማንበብ ትምህርት ከእንግሊዝኛ ጋር ተያይዞ ተስፋፋ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። ስለዚህ በሥራ ቤት የሚነገረው ቃልና በንድፍ ላይ የሚነበበው ቃል ምንጫቸው የተለያየ ሆኖ ቆየ። በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ሲያከናውን፣ እንዲህ ያለውን ርቀት ማጥበብ ከሥራው ዓላማዎች አንዱ ነበር ለማለት ይቻላል።

4. ግሥ ከማስታወሻ ሲወጣ

በቀድሞዎቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ ንድፎች ላይ የቀዳዳ ማስታወሻ ትእዛዝ ነበር። ልኩ ይጻፍና «ሰርስር»፣ «በሪመር አስተካክል» የሚሉ ቃላት ይከተሉት ነበር። አንባቢው ያው በዚያው ሥራ ቤት ያለ ሠራተኛ በመሆኑ አጻጻፉ ለጊዜው የሚመች ነበር። ንድፉ ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላው፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላው መጓዝ ሲጀምር ግን ችግሩ ታየ። ተመሳሳይ ቀዳዳ በልዩ ልዩ መሣሪያ ሊወጣ ይችላል፤ ንድፉ የሚጠይቀው ግን የተጠናቀቀውን ቅርጽና ልክ ነው።

ዋይ 14.5 በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ የንድፍ ደረጃ ይህን በመሠረታዊ ደንብነት አስፍሮታል፤ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር የቀዳዳው ዲያሜትር ብቻ ይሰጣል እንጂ ይሰርሰር ወይም ይበሳ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የዚሁ ደረጃ እትም ደግሞ ለጥልቀት፣ ለእርከንና ለሾጣጣ አፍ በቃል ፈንታ ምልክቶችን አስገባ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2008 በአይ ኤስ ኦ 15786 ቀዳዳዎች በቀላል ዘዴ የሚነደፉበትንና የሚለኩበትን ሥርዓት ወስኗል።

ከዚህ እንደምንረዳው የተርጓሚው ሥራ ተለውጧል። ቀድሞ ትእዛዝ ይተረጉም ነበር፤ ዛሬ ምልክቱ ሲነበብ ምን እንደሚባል ይሰይማል። «ቀዳዳ» በማለት ፈንታ «ስርስር» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ንድፍ አውጪው ያላዘዘውን የአሠራር ዘዴ አዝዟል ማለት ነው። ስለሆነም ከግሡ የራቀው «ቀዳዳ»፣ ድኻ መስሎ ቢታይም፣ ለጥቅል ስምነት ከሁሉ የተሻለ ነው።

5. የስየማ ሐሳቦች

ዓይነቶቹን ለመለየት የቀዳዳውን ቅርጽ የሚገልጽ ቅጽል ከፊት ማስቀደም በቂ ነው እንላለን።

(ሀ) ብረቱን ዘልቆ በሌላው ወገን የሚወጣውና የማይወጣው። የኋለኛውን እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ «ዕውር»፣ ፈረንሳይኛ «አንድ ዐይና»፣ ሩስኛ «ደንቆሮ» ይሉታል፤ ጀርመንኛ ደግሞ ከከረጢት ጋር ያመሳስለዋል። እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ምስል መጠቀሙ የሚያስተምረን፣ ከአንዱ ምስል መገልበጥ ግዴታ አለመሆኑን ነው። ሠራተኛው የሚጠይቀው «ያልፋል ወይስ አያልፍም?» ብሎ ነው። ስለዚህ «አላፊ ቀዳዳ» እና «ዝግ ቀዳዳ» ይበቃሉ። ስም ይወጣል ከቤት እንዲሉ ነው።

(ለ) የብሎኑ ራስ ገብቶ እንዲቀመጥ አፉ በሰፊ ክብ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተከፈተው «ባለእርከን ቀዳዳ»፤ አፉ እየጠበበ የሚወርደው «ባለሾጣጣ አፍ ቀዳዳ»፤ ዙሪያው ለሮንዴላ መቀመጫ ያህል ብቻ የተስተካከለው «ድልድል አፍ ቀዳዳ»፤ ብሎን የሚጠመዘዝበት «ባለጥርስ ቀዳዳ»። «የብሎን ጥርስ» የሥራ ቤቱ ቃል ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም።

(ሐ) «ጥልቀት» ፍቺ ያስፈልገዋል። በተለመደው አማርኛ የጉድጓድ ጥልቀት እስከ መጨረሻው ወለል ድረስ ነው። በንድፍ ላይ ግን የዝግ ቀዳዳ ጥልቀት የሚለካው ቀዳዳው ሙሉ ዲያሜትሩን ይዞ እስከሚወርድበት ድረስ ብቻ ሲሆን፣ የመሰርሰሪያው ጫፍ የሚተወው ሾጣጣ አይቆጠርም። ሠራተኛው በተለመደው ፍቺ ከሄደ ቀዳዳው ያጥራል፤ ብሎኑም እስከሚፈለገው ድረስ አይገባም። መዝገበ ቃላቱ ይህን በግልጽ ማስፈር አለበት።

(መ) ከቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የማባዣ ምልክት። «4» ተጽፎ ምልክቱ ሲከተለውና ከዚያ «ዲያሜትር 10» ሲል፣ በአራት ቦታ ባለ 10 ሚሊሜትር ዲያሜትር ቀዳዳ አለ ማለት እንጂ ሒሳብ አይደለም። «አራት ጊዜ» የሚለው አነጋገር አንዱን ቀዳዳ አራት ጊዜ መሥራትን ስለሚያስመስል፣ «በ4 ቦታ» ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። የአማርኛ ቅጽል ከስሙ ይቀድማል በሚል ምክንያትም የማስታወሻውን ቅደም ተከተል ማዛወር አይገባም። ብዛት፣ ዲያሜትር፣ ጥልቀት፣ ከዚያም የአፉ ቅርጽና ልክ በተጻፉበት ተራ ይነበቡ።

6. ኮምፒውተርና ማስታወሻው

ኦቶካድ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ፣ ሶሊድወርክስ ደግሞ በ1995 ተከተለ። በኦቶካድ የዲያሜትር ምልክት ሁለት የመቶኛ ምልክቶችንና «ሲ» የተባለችውን የላቲን ፊደል አከታትሎ በመጻፍ ይገኛል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጡ በመሆናቸው፣ በእነርሱ የተጻፈ ማስታወሻ ምልክቱን ወደ ሌላ ፊደል ሊለውጠው ይችላል። ዛሬም በአሮጌ ፋይል ላይ የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ሊመረምር ይገባል።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። በዘመናዊዎቹ ሶፍትዌሮች የቀዳዳ ማስታወሻ ከተነደፈው ቅርጽ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቀዳዳው ሲለወጥ ልኩም ይለወጣል። ተርጓሚ ይህን ማስታወሻ አጥፍቶ በምትኩ በእጁ አማርኛ ከጻፈ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ንድፉ ሲታረም የአማርኛው ቁጥር አሮጌ እንደሆነ ይቀራል፤ ማንም ሳያየው ወደ ሥራ ቤት ይወርዳል። ስለዚህ መተርጎም ያለበት በቅድሚያ የተሰናዳው የማስታወሻ ናሙና ወይም ከንድፉ ጋር የሚያያዘው የቃላት መፍቻ እንጂ በንድፉ ላይ ያለው ቁጥርና ምልክት አይደለም።

7. ማጠቃለያ

ይህ ጉዳይ አማርኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቀደም ሲል በጠቀስናት በቱላ የብዙው ሠራተኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተማሩባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በኢትዮጵያ ፊደል ተጽፏል፤ በኋላም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምሯል። በአንድ ንድፍ ፊት የሚቆሙ ሁለት ሠራተኞች ፊደላቸው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው፤ የዲያሜትሩ፣ የጥልቀቱና የእርከኑ ምልክት ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ስለዚህ የቃላት መፍቻ ስናዘጋጅ መግቢያ ቃሉ የእንግሊዝኛው ስም ሳይሆን ራሱ ምልክቱ ቢሆን፣ በአጠገቡም የቅርጹ ሥዕል፣ የአማርኛው ስያሜና ፍቺ፣ ቀጥሎም የሲዳምኛውና የሌሎቹ ቋንቋዎች አቻ በየባለሙያዎቻቸው ተሰይሞ ቢቀመጥ ይበጃል እንላለን። «በሳ»ና «ሰረሰረ»፣ «ፈለፈለ»ና «ነደለ» ከሥራ ቤት አይወጡም። የዕለቱ ሥራ ሲከፋፈልና ማሽኑ ሲመረጥ ያገለግላሉ፤ በንድፉ ማስታወሻ ላይ ግን ቦታቸውን ለቅርጹ ስም ይለቃሉ።