የታመመ ፈረስ ግዢ፦ ከመዲና ገበያ እስከ ኩፋ ችሎት



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ይዘንላችሁ የቀረብነው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ያልተለመደ ሊመስል ይችላል። ስለ ዘመቻ ወይም ስለ ኸሊፋዎች ሹመት አይደለም፤ ስለ ፈረስ ገበያ ነው። ጤናው የተጓደለ ፈረስ ለሽያጭ ሲቀርብ ቀደምቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር? ከተገዛ በኋላ ጉድለቱ ሲገለጥስ እንዴት ይዳኙ ነበር? በወሎም ሆነ በአርሲ፣ በባሌም ሆነ በጅማ ለሚኖረው ወንድማችን ይህ የኪታብ ወሬ ብቻ አይደለም። በአንድ የጋሪ ፈረስ ጉልበት የልጆቹን ቀለብ የሚያገኝ ሰው ያጠራቀመውን ሁሉ ከፍሎ ያመጣው ፈረስ በሳምንቱ ማንከስ ከጀመረ ቤቱ ይናጋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየቱ ይጠቅመናል።

መልካም ነገር እስከ ቂያማ ቀን ድረስ በፈረሶች ግንባር ላይ የታሰረ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ይሁን እንጂ ፈረስ ሥጋ ለባሽ ነው። ያነክሳል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ ኮቴው ይሰነጠቃል፣ ጀርባው ገጣባ ይሆናል። በሰሓቦች ዘመንም ይህ ሁሉ ነበረ።

መጀመሪያ የምናነሳው የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ዑመር በአላህ መንገድ እንዲዘመትበት ብለው አንድ ፈረስ ለአንድ ሰው ሰጡ። ሰውየው ግን ፈረሱን አልያዘውም፤ አጎሳቆለው። ከጊዜ በኋላ ዑመር ያ ፈረስ ለሽያጭ መቅረቡን አዩ። ሊገዙት አሰቡ፤ በዚያ ሁኔታው ሰውየው በርካሽ እንደሚለቀው ገመቱ። ሆኖም ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሄደው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ፣ ሰውየው በአንድ ዲርሃም እንኳ ቢሰጣቸው እንዳይገዙት የሚል ነበር። ሶደቃውን መልሶ የሚወስድ ሰው የተፋውን መልሶ እንደሚልስ ውሻ መሆኑንም ነገሯቸው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ዑመር ሊገዙ ያሰቡት የተጎዳ ፈረስ ነው። የተከለከሉትም ፈረሱ ስለተጎዳ አይደለም። የተጎዳ እንስሳ መግዛት በራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ ክልከላው በዚያ በኩል በመጣ ነበር። የመጣው ግን በሶደቃው በኩል ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ያንን ፈረስ ሁኔታውን እያየ በወረደ ዋጋ ቢገዛው የሚከለክለው አልነበረም። ጉድለቱን አውቆ፣ ወዶ የገዛ ሰው ግዢው ይጸናል፤ ኋላም በዚያው ጉድለት ሰበብ ልመልስ ማለት አይችልም። ችግሩ የሚጀምረው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

በዚህ ረገድ የጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ አል-በጀሊን (ረ.ዐ) ያህል የሚያስደንቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ጀሪር ቀድሞ በፈረስ ጀርባ ላይ መርጋት ይቸግራቸው እንደነበርና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደረታቸውን መታ አድርገው ዱዓ እንዳደረጉላቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። እኚህ ሰው አንድ ቀን አገልጋያቸውን ፈረስ እንዲገዛላቸው ላኩት። አገልጋዩ በ300 ዲርሃም ተስማምቶ ሻጩን ገንዘቡን እንዲቀበል ወደ ጀሪር አመጣው። ጀሪር ፈረሱን አዩና ለሻጩ ፈረስህ ከ300 ይበልጣል፣ በ400 ትሸጣለህን? አሉት። እንዲህ እያሉ መቶ በመቶ ጨምረው 800 አደረሱት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቃል መግባታቸውን ተናገሩ። ቃል መግባታቸው በሁለቱ ሶሒሖች የሰፈረ ሲሆን የፈረሱን ታሪክ ጦበራኒ አስፍረውታል። ጀሪር ሻጭ በሚሆኑበት ጊዜም የሸቀጡን ጉድለት ለገዢው አሳይተው ከዚያ በኋላ ምርጫውን ይሰጡት ነበር። እንዲህ ካደረግህ ምንም አትሸጥም ሲሏቸው መልሳቸው ያው ቃል ነበር።

የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ስለ ግመል ቢሆንም ለፈረስም ይሠራል። አንድ ሰው ከዋሲላ ቤት ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። ያለባትን ነግረውሃልን? ብለው ጠየቁት። ሰውየው ሥጋ የለበሰች፣ ጤናዋም የሚታይ መሆኑን ተናገረ። ቀጥለው ያነሱት ጥያቄ የነገሩን ፍሬ የያዘ ነው፦ ለጉዞ ነው ወይስ ለሥጋ የገዛሃት? ለሐጅ ጉዞ እንደሆነ ሲነግራቸው እግሯ ሥር ቀዳዳ መኖሩን ገለጹለት። ሻጩ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። ዋሲላ ግን ጉድለትን ሳይገልጹ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ የሚያውቅ ሰውም ዝም ማለት እንደማይገባው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሩት። ተመልከቱ፤ ለእርድ ለሚገዛት ሰው ያ ቀዳዳ ምንም አይደለም። መካ ድረስ ለሚጓዝባት ግን ሁሉ ነገር ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስም ከወፍጮ ቤት እህል ለሚያመላልስ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ በከተማ መንገድ ላይ በመኪና መሐል ጋሪ ለሚነዳ ግን አደጋ ነው። ገዢ ሻጩን ስለ ፈረሱ ከመጠየቁ በፊት ራሱን ለምን እንደሚገዛው መጠየቅ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ወደ ታወቀው ችሎት እንለፍ። ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነት ዘመናቸው (ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. 634-644) ከአንድ ሰው ፈረስ ለመግዛት ተዋዋሉ። ዘገባዎቹ በዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ። በአንዱ ራሳቸው ጋለቡት፣ በሌላው ሊፈትነው የሚችል ጋላቢ አስቀመጡበት ይላል። በሙከራው መሐል ፈረሱ ተጎዳ። ዑመር ፈረስህን ውሰድ ሲሉት ባለቤቱ አልወስድም አለ። በመካከላችን ዳኛ ይሁን ተባባሉ፤ የዳኛው ምርጫም ለሻጩ ተሰጠና ሹረይሕን መረጠ። ሹረይሕ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ ለሙእሚኖቹ መሪ የነገሯቸው፣ ፈረሱን ጤናማ ሆኖ ስለተቀበሉ ወይ የገዙትን እንዲወስዱ፣ ወይም እንደወሰዱት አድርገው እንዲመልሱ ነው። ዑመር ፍርድ ማለት ይህ አይደለምን! ብለው ሹረይሕን ወደ ኩፋ ቃዲ አድርገው ላኳቸው። ሹረይሕ በዚያ ወንበር ላይ ወደ 60 ዓመት ገደማ እንደቆዩ በስፋት ይነገራል።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በሚንበር ላይ የምንናገረው የዑመርን ትሕትና ለማሳየት ነው። እውነት ነው፣ ያሳያል። ግን በውስጡ ያለው የንግድ ሕግ ሲዘለል እናያለን። ሹረይሕ የጠየቁት ፈረሱ ዛሬ እንዴት ነው ብለው ሳይሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንዴት ነበር ብለው ነው። ጉዳቱ ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ከደረሰ ሻጩን መክሰስ የለም፤ ገዢው ኸሊፋ ቢሆንም። ጉዳቱ ቀድሞ የነበረ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የተገለበጠውን ነገር የምናገኘው በኢማም ማሊክ ሙወጧእ ውስጥ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ፤ ሲሸጡም ከጉድለት ኃላፊነት ነጻ ነኝ በሚል ውል ነበር። ዛሬ በገበያችን «እንዳለ ነው የሸጥኩልህ» እንደሚባለው ማለት ነው። ገዢው ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ብሎ ወደ ኸሊፋው ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ዘንድ ከሰሰ። ዑስማን ኢብኑ ዑመርን ሲሸጡ በሽታውን እንዳላወቁ እንዲምሉ ፈረዱባቸው። ኢብኑ ዑመር መማልን እምቢ ብለው ባሪያውን መልሰው ወሰዱ። እርሳቸው ዘንድ ከሕመሙ ዳነና በ1,500 ዲርሃም ሸጡት። ነገሩ የባርነት ሥርዓት በነበረበት ዘመን የተፈጸመ ነው። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማኦች ግን ስለ እንስሳ ሽያጭ ሲነጋገሩ የሚመለሱት ወደዚሁ ፍርድ ነው።

መዝሀቦቹ በዚህ ላይ ተለያይተዋል። አቡ ሐኒፋ (80-150 ዓ.ሒ) ሻጭ ከማንኛውም ጉድለት ነጻ ነኝ ብሎ ገዢው ከተቀበለው ውሉ ይጸናል ብለዋል። ኢማሙ ሻፊዒይ (150-204 ዓ.ሒ) ዘንድ ግን ነገሩ ጠበቅ ይላል። እንስሳ በጤናውም በሕመሙም ጊዜ ይበላል፣ ጠባዩም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ከውስጥ ደዌ ነጻ መሆኑን ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል ይላሉ። በመሆኑም ሻጩ ነጻ የሚወጣው ካላወቀው የውስጥ ጉድለት ብቻ ነው። አውቆ ከደበቀው ወይም በውጭ ከሚታየው አይድንም። እኛ ይህ አቋም ለገጠር ገበያችን የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ምክንያቱም ፈረሱ ሲበላ ማየት ጤናማነቱን እንደማያረጋግጥ እያንዳንዱ አርቢ ያውቃል። የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች ወንድሞቻችን ቢከራከሩን አንቀየምም።

በዚህ መሐል የእንስሳት ሐኪሞችንና የገበያ ተቆጣጣሪዎችን ሳንጠቅስ አንለፍ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐባሲዩን ኸሊፋ ሙዕተዲድ የፈረሶች ኃላፊ የነበሩት ኢብኑ አኺ ሒዛም ስለ ፈረስ ግልቢያና ሕክምና ጽፈዋል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በካይሮ ለሱልጧን ናሲር ሙሐመድ ኢብኑ ቀላውን፣ ለፈረስ በነበራቸው ፍቅር የታወቁት ሱልጧን ማለት ነው፣ አቡበክር አል-በይጧር ሰፊ መጽሐፍ አዘጋጁ። የሶላሑዲን ዘመን ሰው የሆኑት ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች (ሙሕተሲቦች) በጻፉት መመሪያም የእንስሳት ደላላ የሻጩን ማንነት አውቆ ስሙን በመዝገቡ እንዲጽፍ ያዛል፤ እንስሳው የተሰረቀ ወይም ጉድለት ያለበት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው። ደላሎቻችን ዛሬ ይህን ቢያደርጉ ስንት ክርክር በቀረ ነበር!

በመጨረሻ በሀገራችን ሐሪማዎች ውስጥ ደረሶች የሚቀሩትን የኢማም ነወዊን (631-676 ዓ.ሒ) ሚንሃጅ እንክፈት። በጉድለት ምክንያት ስለ መመለስ በሚናገረው ምዕራፍ የእንስሳ መደንበርና መናከስ እንኳ እንደ ጉድለት ተቆጥረዋል። መለኪያው ግልጽ ነው፦ ዕቃውን ወይም ዋጋውን የሚያጎድል፣ ትክክለኛ ዓላማን የሚያሳጣና በዓይነቱ ዘንድ በአብዛኛው የማይገኝ ነገር ሁሉ ጉድለት ነው። ገዢው ከመረከቡ በፊት የነበረ መሆን አለበት፤ የሹረይሕን ፍርድ አስታውሱ።

ገዢው ግን መዘግየት አይፈቀድለትም። ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ በተለመደው መንገድ ለመመለስ መቸኮል አለበት። ሲያውቅ ሶላት ላይ ወይም ምግብ ላይ ከነበረ እስኪጨርስ፣ ሌሊት ከሆነም እስኪነጋ ይጠብቃል። ፈረሱን እየተጠቀመበት ቆይቶ ልመልስ ቢል ግን አይሰማም፤ ኮርቻውን ወይም የጭነት ኮርቻውን ከጀርባው ሳያወርድ መተው እንኳ መብቱን ያሳጣዋል። እንስሳው እንደ ጠፋ ዓይንና እንደ ገጣባ ጀርባ ሳይሆን በጠባይ ክፉ ከሆነ፣ ይኸውም ደንባራ ሆኖ ለመሳብም ለመንዳትም ካስቸገረ፣ ሊመልሰው ሲሄድ እላዩ ላይ ተቀምጦ ቢሄድ ይቅር ይባልለታል።

ወላሁ አዕለም።