ራስን መቻል ማለት ብቻን መሆን ነው?

እስቲ ለአንድ አፍታ አስቡት። ጠዋት ትነቃላችሁ፤ ግን ፊታችሁን መታጠብም ሆነ ማንኪያ አንስታችሁ መጉረስ አትችሉም። አእምሯችሁ ግን እንደ ምላጭ የሰላ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ መማርም ትፈልጋላችሁ። እናንተን «ራሱን የቻለ ሰው» የሚላችሁ ይኖራል? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «እንዴት ተደርጎ!» እንላለን። ኤድ ሮበርትስ የተባለ የካሊፎርኒያ ልጅ ግን ይህን መልስ አስቀየረ።

ኤድ በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገና በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ያዘው። የክትባቱ ውጤታማነት የተበሰረው በ1955 ነው፤ ሁለት ዓመት ብቻ ቢዘገይ ኖሮ! ከአንገቱ በታች ከጥቂት የእጅና የእግር ጣቶች በቀር የሚታዘዝለት አካል አልቀረም። የመተንፈሻ ጡንቻዎቹም ስለደከሙ ብዙ ሰዓት «የብረት ሳንባ» ውስጥ ይተኛ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጭንቅላቱ ብቻ ውጭ ይቀርና ሌላው ሰውነቱ በርሜል የመሰለ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት ሲቀንሰው ደረት ይሰፋል፣ አየር በአፍና በአፍንጫ ይገባል። ግፊቱ ሲመለስ ደግሞ አየሩ ይወጣል።

ችግሩ ማሽኑ በጣም ከባድ መሆኑ ነው። ኤድ በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ይህን ብረት የሚችል የተማሪዎች መኖሪያ ስላልተገኘ በግቢው ሆስፒታል፣ በኮውል፣ አንድ ክፍል ተሰጠው። ከዚያ በፊት የክፍለ ግዛቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት «ይህ ሰው መቼም ሥራ አይሠራም» ብሎ የትምህርት ድጋፍ ከልክሎት ነበር። ውሳኔው የተቀለበሰው ወሬው ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ኤድ በር ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ 12 የሚጠጉ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በኮውል ይኖሩ ነበር። ማታ ማታ ሲያወሩ አንድ ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣባቸዋል፦ መቼ እንደምንነሳ፣ ማን እንደሚያለብሰን፣ የት እንደምንኖር የሚወስነው ማነው? ሐኪሙ? ቢሮው? ወይስ እኛ?

መልሳቸውን በሥራ አሳዩ። በ1970 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የራሳቸውን የድጋፍ ፕሮግራም ጀመሩ። በ1972 ደግሞ ከግቢ ውጭ ለሚኖሩ ሰዎችም የሚሆን «ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል» በበርክሌይ ተከፈተ። አገልግሎቱ ሲታይ ተራ ነገር ነው፦ ረዳት ማፈላለግ፣ ዊልቸር የሚያስገባ ቤት መፈለግ፣ ዊልቸር መጠገን። እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ጥገናው ላይ ቆም እላለሁ። የዊልቸራችሁ ሞተር ሰኞ ተበላሽቶ በወሩ የሚጠገን ከሆነ፣ ወር ሙሉ አልጋ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ነፃነት አንዳንዴ በአንዲት ቡሎን ላይ ይንጠለጠላል።

ትልቁ ለውጥ ግን ረዳቱ ላይ ነው። ድሮ ረዳቱ የሚታዘዘው ለነርሷ ነበር። አሁን የሚቀጥረው፣ ሥራውን የሚያሳየው፣ ካልተስማሙም የሚያሰናብተው ራሱ ተረጂው ሆነ። ረዳቱ እጅና እግር ይሆናል፤ ውሳኔው የባለቤቱ ነው። መቼ አብሮ መሆን፣ መቼ ዞር ማለት እንዳለበትም ጭምር! ኤድ ፍቅር ሲይዘው ከኋላው ዊልቸር የሚገፋ ሰው መኖሩ አላመቸውም። ስለዚህ ሁለት ጣቶቹ በሚችሉት አቅጣጫ እንዲሠራ መቆጣጠሪያው የተዞረለት ባለሞተር ዊልቸር መንዳት ጀመረ።

በ1975 የካሊፎርኒያው ገዢ ጄሪ ብራውን ኤድን የተሐድሶ መሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር አድርገው ሾሙት። አዎ፣ ያንኑ «መቼም ሥራ አይሠራም» ያለውን መሥሪያ ቤት! ኤድ እስከ 1995 ኖረ፤ እሱና ጓደኞቹ የጀመሩት ዓይነት ማዕከልም በብዙ አገሮች ተስፋፋ።

እንግዲህ ቤታችሁ አያት ወይም የታመመ ሰው ካለ ይህ ታሪክ የእናንተም ነው። ሻይ ስታቀርቡ ስኳሩን ገምታችሁ ከመጨመራችሁ በፊት «ስንት ላድርግልዎ?» በሉ። ስኳሩን የምታማስሉት እናንተ ብትሆኑም ሻዩ የእሳቸው ነው።