ሄልሜት የቅንጦት ዕቃ የሆነው መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን በሞተር ዕቃ የሚያደርስ አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ መጣ። ዱባይ የምትሠራ እህቱ ሄልሜት፣ ጓንትና የጉልበት መከላከያ ገዝታ ልካለት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የስጦታ ወሬ አይደለም። ቀረጥ፣ ቫት፣ ሱር ታክስ እየተባለ ቁልቁል የተደረደረ ቁጥር ነው። ድምሩ እህቱ ከከፈለችው ዋጋ ግማሹን አልፏል።

ልጁ አልተሳደበም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ያለ ሄልሜት ብነዳ ትራፊኩ ይቀጣኛል። ሄልሜት ላስገባ ስል ደግሞ እዚህ ይቀጡኛል። መንግሥት የትኛው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ግን ነገሩን አሰብኩበት። ሁለቱም መንግሥት ነው። አንደኛው እጅ ሌላኛው የሚሠራውን አያይም። ይህ የሆነው ደግሞ አንድ ክፉ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ስላሰበው አይደለም። የታክስ ሰንጠረዥ እንደ አሮጌ ቤት ነው፤ በየዘመኑ አንድ አንድ ክፍል ይቀጠልበታል፣ የሚያፈርስ ግን የለም። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

ከአስር በመቶው ውል ጀምሮ

እ.ኤ.አ. በ1908 የፈረንሳዩ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ከአፄ ምኒልክ ጋር አንድ ውል ተፈራረመ። ይህ ውል በታሪክ ይበልጥ የሚነሣው ለፈረንሳይ ዜጎች በዳኝነት ጉዳይ በሰጠው ልዩ መብት ነው። እኛን ዛሬ የሚመለከተን ግን የቀረጡ አንቀጽ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በወይንና በመሰል መጠጦች ላይ ደግሞ ከ8 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። ሌሎች መንግሥታትም «ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይገባል» እያሉ በዚያው ተጠቀሙ።

ነገሩን ልብ በሉት። አድዋ ላይ ያሸነፈች አገር የገዛ በሯን ቀረጥ በገዛ እጇ መወሰን አልቻለችም ነበር። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ዘመናዊ ጦር የሚፈልግ መንግሥት ገቢው በ10 በመቶ ተቆልፎበታል።

ቁልፉን ለማለፍ የተገኘው መላ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የኤክሳይስና የፍጆታ ታክስ ሕግ ወጣ። ቀረጡ እዚያው 10 በመቶ ላይ ይቆይ፤ ከእሱ በላይ ግን የፍጆታ ታክስ ይከፈል ተባለ። የውጭ ሌጋሲዮኖች ይህ በሌላ ስም የመጣ ቀረጥ ነው ብለው አቤቱታ አቀረቡ። እውነት ለመናገር አልተሳሳቱም። እኔ ግን መንግሥትን አልወቅስም። በሩ ሲዘጋበት በመስኮት ገባ።

የምወቅሰው ከዚያ በኋላ የቀረውን ልማድ ነው። እኔ እንደማየው ከዚያ ወዲህ የገቢ ችግር በገጠመን ቁጥር የምንመርጠው መንገድ አንድ ነው፤ የነበረውን ማስተካከል ትተን በላዩ ላይ አዲስ ስም መጨመር። ውሉ ከሞተ ስንት ዘመኑ! መስኮቱ ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ወረቀቱን እናንብበው

በ1995 ዓ.ም. የሽያጭ ታክስ ቀርቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ በ15 በመቶ ሥራ ላይ ዋለ። በ1999 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በከረረበት ጊዜ በገቢ ዕቃዎች ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ተጣለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለማኅበራዊ ልማት የሚውል ተብሎ 3 በመቶ ተጨመረ። እያንዳንዱ ሲመጣ የራሱ ምክንያት ነበረው። ችግሩ ሁሉም አንድ ዕቃ ላይ ሲሳፈሩ ነው።

በቁጥር እንየው። ሄልሜቱ 8,000 ብር ተገዛ፣ ማጓጓዣውና ኢንሹራንሱ 2,000 ብር ሆነ እንበል። ጉምሩክ የሚነሣው ከ8,000 አይደለም፤ ከ10,000 ነው። ማጓጓዣውም ይቀረጣል ማለት ነው። ሄልሜት ደግሞ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ትልቅ ስለሆነ ማጓጓዣው ይበዛበታል።

የቀረጥ ተመን እንደ ዕቃው ዓይነት ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይሄዳል። ለስሌት እንዲመቸን 20 በመቶ እንውሰድ፤ 2,000 ብር ይሆናል። ቫቱ የሚታሰበው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ ከ12,000 ብር ላይ 1,800 ብር። ሱር ታክሱ ደግሞ ቫቱም ከተደመረ በኋላ ነው፤ ከ13,800 ብር ላይ 1,380 ብር። ሦስት በመቶው 300 ብር። ድምር 5,480 ብር።

ለንግድ የሚያስገባ ከሆነ በኋላ ከግብሩ የሚቀነስለት ሌላ 3 በመቶ አስቀድሞ ይይዙበታል። ኤክሳይስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ ደግሞ እሱም ከቫቱ በፊት ይገባና ከላይ ያለውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተሰወረ ነገር አለ። ታክሱ ታክስ ላይ ይታሰባል። ሱር ታክሱ የሚሰላው በሄልሜቱ ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በቀረጡና በቫቱ ላይም ጭምር ነው። ልጁ 8,000 ብር ለሚያወጣ ሄልሜት ከዋጋው ሁለት ሦስተኛ በላይ ለመንግሥት ይከፍላል።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ታክሱ በመቶኛ ስለሆነ እሱም አብሮ እጥፍ አደገ። አዲስ አዋጅ አልወጣም፣ ፓርላማ አልተሰበሰበም። የ100 ዶላር ሄልሜት በዚሁ ስሌት ከ3,100 ብር ታክስ ወደ 6,200 ብር ገደማ በአንድ ክረምትና በልግ መካከል ተሻገረ። የሞተረኛው ገቢ ግን እጥፍ አልሆነም።

«ቅንጦት» የሚለው ስም

ሞተር ሳይክል ላይ የቅንጦት ስም የለጠፍነው እኛ ብቻ አይደለንም። እንግሊዝ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1915፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ መኬና በአንዳንድ የገቢ ዕቃዎች ላይ የዋጋቸውን ሲሶ የሚያህል ቀረጥ ጣለ። ዝርዝሩ ውስጥ መኪና፣ ሰዓት፣ የሙዚቃ መሣሪያና ፊልም አሉ። ሞተር ሳይክልና መለዋወጫውም አሉበት። ምክንያቱ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የውጭ ምንዛሬ መቆጠብና የመርከብ ቦታ ማትረፍ። ጊዜያዊ ነው ተባለ።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1918 አበቃ። ቀረጡ ግን እስከ 1924 ቆየ። ያኔ አንድ መንግሥት ሻረው፣ በዓመቱ ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ መለሰው። ጨርሶ የጠፋው በ1956 ነው። «ጊዜያዊ» የተባለው ቀረጥ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነትም አይቶ ነው የሞተው።

በዚህ መሐል ግን በእንግሊዝ ስለ ሞተር ያለውን አስተሳሰብ የለወጠ ነገር ተከሰተ። በ1935 «የአረቢያው ሎረንስ» እየተባለ የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎረንስ ያለ ሄልሜት በሞተር ሲሄድ ወደቀ። ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ነገሩን እንደ ዕጣ ፈንታ አልተወውም። በሞተር አደጋ የሞቱትን መቁጠር ጀመረ። በ1941 ባወጣው ጥናት ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 21 ወራት 1,884 ሞተረኞች መሞታቸውን፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ደግሞ ቁጥሩ 2,279 መድረሱን ጻፈ። ጭንቅላታቸውን ተመትተው የሞቱት ብዙ ነበሩ። ሄልሜት ያደረጉት ግን በሕይወት ተርፈዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር የእንግሊዝ ጦር መልእክት የሚያደርሱ ሞተረኞቹን ሁሉ ሄልሜት አስገደደ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ወታደሮች የሚሠሩት ሥራ ዛሬ የእኛ ልጆች የሚሠሩትን ነው። ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ለሌላው ማድረስ። ሞተር የሀብታም መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ነበር።

እንግሊዝ ሄልሜትን ለሕዝቡ ሁሉ ግዴታ ያደረገችው በሰኔ 1973 ነው። ቫት የጀመረችው ከዚያ በሁለት ወር ቀድማ፣ በሚያዝያ 1973። ሁለቱ ሕጎች ዛሬ ይተያያሉ። ደረጃውን ያሟላ የሞተር ሄልሜት በእንግሊዝ ቫቱ ዜሮ ነው፤ ጃኬቱና ጓንቱ ግን 20 በመቶ ይከፈልባቸዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። በሕግ አድርግ ብዬ ባስገደድኩህ ነገር ላይ ታክስ አልወስድም።

ቀን የተቆረጠለት ቀረጥ

ቀረጥ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃርሊ ዴቪድሰን በጃፓን ሞተሮች ውድድር ሊወድቅ በተቃረበ ጊዜ ፕሬዚዳንት ሬገን ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ የውጭ ሞተሮች ላይ የነበረውን 4.4 በመቶ ቀረጥ ወደ 49.4 በመቶ ከፍ አደረጉት። ጨካኝ ቀረጥ ነበር። ግን ሁለት ነገር ነበረው። የሚጠብቀው ፋብሪካ በስም ይታወቃል፤ ዕድሜውም አምስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ እንዲቀንስ ተወስኗል። በ1987 ኩባንያው ራሱ «በቃኝ፣ ቀረጡ ይነሣ» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ሄልሜት ላይ የምናስከፍለው ማንን ለመጠበቅ ነው? የሚጠበቅ የአገር ውስጥ አምራች ካለ ስሙ ይነገረን፤ ስንት ዓመት እንደሚያስፈልገውም ይነገረን። የ1999ኙ ሱር ታክስ መቼ ያበቃል? ቀኑን የሚያውቅ የለም።

የሌላውን ወገን ቃል እንስማ

«አገሪቱ ገቢ ያስፈልጋታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ከኢኮኖሚያችን አንጻር የምንሰበስበው ታክስ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ነው። «ዶላር ለመድኃኒትና ለነዳጅ እንጂ ለሄልሜት አይሆንም» የሚልም አለ። «ሄልሜት በነጻ ይግባ ካልን ነጋዴው ሌላውን ዕቃ ሄልሜት ነው እያለ ያስገባል» የሚለው ደግሞ የጉምሩክ ሰው ስጋት ነው፤ ስጋቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ግን አንድ በአንድ እንየው። ከሄልሜት የሚገኘው ገቢ ከአጠቃላዩ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ሊሆን ይችላል? ጥናቶችን ያጠናቀረ አንድ ዓለም አቀፍ ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጭንቅላቱ የተመታ አንድ ሞተረኛ በመንግሥት ሆስፒታል የሚተኛበት አልጋ፣ ሲቲ ስካኑ፣ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ይህ ሁሉ በዶላር የሚገዛ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ማጭበርበሩን በተመለከተ፣ ሄልሜት በዓለም የታሪፍ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር አለው፤ 6506.10፣ መከላከያ የራስ ልብስ። ደረጃውን ያሟላ የሞተር ሄልሜት ደግሞ የኢሲኢ 22 ምልክት በላዩ ተለጥፎበት ይመጣል። ፈታሹ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ምልክት ያለው ከቀረጥ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነጻ ይሁን፤ የሌለው ይክፈል። እንዲህ ቢደረግ ታክሱ ራሱ ገበያውን የሞላውን ቀላል ፕላስቲክ ማባረሪያ ይሆናል። ዛሬ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው። ጥሩው ዕቃ በዋጋው ልክ ስለሚቀረጥ ውድ ይሆናል፤ ልጆቻችን የሚያደርጉት ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ እንጂ አስፋልት ሲመታ የማይችል ቆብ ነው።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተርን ስታግድ የተነገረው ምክንያት ወንጀል ነበር። ከዚያ በኋላ በፈቃድ የሚሠሩት ቀሩ። ሰሌዳቸው ይታወቃል፣ ፈቃዳቸው ይታወቃል። ሥራ ብለን ፈቃድ ለሰጠነው ሰው የሥራ መከላከያውን እንደ ጌጥ መቁጠር ምን ይባላል?

ከውጭ ለማስመጣት ለምታስቡ ደግሞ ከዚህ ወረቀት የተማርኩትን ልንገራችሁ። የግዢ ደረሰኙ ከዕቃው ጋር ይምጣ፤ ከሌለ ዋጋውን የሚገምቱላችሁ እነሱ ናቸው። ሄልሜት፣ ጃኬትና ጓንት የተለያየ የታሪፍ ቁጥር አላቸውና በደረሰኙ ላይ ለየብቻ ይጻፉ። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ በየትኛው ቁጥር እንደተመደበ ጠይቁ፤ ምደባው ስህተት ነው ካላችሁ በሕግ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ።

ልጁ በመጨረሻ ሄልሜቱን አወጣ። እቁቡ ደርሶት ስለነበር በዚያ ከፈለ። ጓንቱንና የጉልበት መከላከያውን ግን «ሌላ ጊዜ» ብሎ ትቷቸዋል። ትናንት ሲያልፍ አየሁት፤ ሄልሜቱ አዲስ ነው፣ እጁ ባዶ ነው።

በ1908 ቀረጣችንን የወሰኑልን የውጭ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እኛው ነን። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ የሚመለሰው በእኛው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ጉምሩክ ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ሰላም እንሁን።